አደን ላይ ነን

«ቁጠሪ እንጂ» አለ ጋስፓር፣ ከብስክሌቱ ሳይወርድ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ። «እኔ ስላልኩሽ አይደለም፤ ራስሽ ስሚው።»

ከኋላቸው፣ ከሸለቆው ውስጥ፣ የቦኔይ መንደር ቤተ ክርስቲያን ደወል እየመታ ነበር። ሲዶኒ አልቆጠረችም። ምቱ ሲያበቃ የእኩለ ቀኑ ረጅም ጥሪ እንደሚከተል ታውቃለች፤ ተከተለም። ዓይኗ ግን ከፊቷ ከተተከለው ሰሌዳ አልተነሣም። ጫካው መግቢያ ላይ የቆመ ባለ ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ነው። ጠርዙ ቀይ ሲሆን መሃሉ ላይ በጥቁር ቀለም «አደን ላይ ነን» ይላል።

«እኩለ ቀን ነው» አለ ጋስፓር። «እዚህ አገር እኩለ ቀን ላይ ሰው ቢሞት እንኳ ቀባሪው ምሳውን ሳይበላ አይመጣም። አዳኞቹ ናቸው ምሳቸውን ጥለው ከርከሮ የሚያባርሩት?»

«ሰሌዳውን ግን አላነሡትም።»

«ለአንድ ምሳ ብሎ ማን ተሸክሞት ይዞራል? በልተው ሲመለሱ ያው አደን ላይ ናቸው። አቦ ሲዶኒ፣ እንደ አባትሽ አትሁኚ።»

እንደ አባቷ መሆን ባልከፋት ነበር። አባቷ ከቤት ሲሸኛቸው የሁለቱንም ብስክሌት ፍሬን በእጁ ጨብጦ ከፈተሸ በኋላ የተናገረው ጥቂት ነው። «ከቦዩ ዳር አትውጡ። በተለይ እሑድ ጫካ ዝር እንዳትሉ። ከወጣችሁ መኪናዬን አስነሥቼ እመጣለሁ፤ ጉዞውም እዚያው ያበቃል።» ሲዶኒ ይህን ጉዞ ለማግኘት ዓመት ሙሉ ለምናለች። ዕድሜዋ ገና አሥራ አራት ነው። ከእሷ መንደር ተነሥተው በጀልባ መሄጃው ቦይ ዳር ክላምሲ ከተማ ድረስ፣ አክስቷ ኦዲል ቤት፣ ያለ ትልቅ ሰው በብስክሌት መሄድ፤ ድንኳን ተክለው ማደር። የፈቀዱላትም ጋስፓር፣ የአክስቷ የኦዲል ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ስለሞላው ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን የቦዩ ዳር መንገድ በአጥር ተዘግቶ አገኙት። ውሃው ተመጥጦ ግድግዳው እየተጠገነ ነው። ተለዋጩ መንገድ ዳገቱን ዞሮ በመኪና መንገድ ይሄዳል። የጋስፓር የኋላ ጎማ ሽቦ ተበጥሶበት እየተወላገደ ነው፤ ሰማዩም ከብዷል። ይህ የጫካ መንገድ ደግሞ ኮረብታውን ቆርጦ ማዶ ቦዩ ላይ ያወርዳል። ትናንት ማታ ጋስፓር ስልኩ ባትሪ ሳይጨርስ ለሲዶኒ እናት «ከቦዩ ንቅንቅ አንልም» ብሏት ነበር። የያዙት ስልክ ያ ብቻ ነበር፤ አሁን ጠፍቷል።

ሲዶኒ መንደራቸውን አሰበች። እሑድ እኩለ ቀን ላይ የአዳኞቹ መኪኖች ካፌው ደጃፍ ይደረደራሉ። ውሾቹ መኪና ላይ ሆነው ይጮኻሉ፤ ጠመንጃዎቹ በቦርሳቸው ታሽገዋል፤ ሰዎቹ ከጠረጴዛ ለመነሣት አይቸኩሉም። አንድም እሑድ ከዚህ የተለየ አላየችም። ጋስፓር ስለገፋፋት ብቻ አይደለም የተስማማችው፤ እሷም አመነች።

«ቶሎ እንለፍ እሺ? ሳንቆም።»

«ሳንቆም» አለ ጋስፓር፤ ሰሌዳውን በግራ በኩል አልፎ ገባ።

ጫካው መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር። የባሉጥ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ግማሹን አራግፈው ግማሹን ይዘዋል። ጎማቸው ደረቁን ቅጠል ሲረግጥ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ፈርን የሚባለው ላባ መሳይ ቅጠል ያለው ተክል ቀልቶ፣ እስከ ደረት የሚደርስ የዛገ ባሕር መስሏል። ሲዶኒ ትንፋሿ ሲረጋ ተሰማት። እንዲያውም ደስ ሊላት ጀምሮ ነበር።

ከጠመዝማዛው በኋላ መኪኖቹን አዩ። ጭቃ የለበሱ ስድስት ሰባት መኪኖች የመንገዱን ጥግ ይዘው ተደርድረዋል። ከአንዱ የኋላ መስኮት የውሻ ማሰሪያ ተንጠልጥሏል። ውሻ ግን የለም።

«ጋስፓር።»

«አየሁት።»

«ምሳ ከሄዱ መኪኖቹ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ጎጆ ይኖራቸዋላ። እዚሁ ጫካ ውስጥ ይበላሉ።» ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። «ንጂ ዝም ብለሽ። ቁልቁለቱ ቅርብ ነው።»

ነዱ። ጋስፓር ከፊት፣ እሷ ከኋላ። የተወላገደው ጎማ ፍሬኑን እየነካ ይጮሃል፤ ያ ትንሽ ጩኸት በጸጥታው ውስጥ ያስጨንቅ ነበር። ሲዶኒ በዛፎቹ ግንድ መሃል አሻግራ ታያለች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም። ሰው ብታይ ደስ ይላት እንደሆነ፣ ትደነግጥ እንደሆነም አታውቅም።

መጀመሪያ ውሻ ጮኸ፤ ሩቅ። ከዚያ ሌላ ውሻ፤ ከዚያ ብዙ። ወዲያው ከላይ፣ ከኮረብታው አናት፣ ጥሩምባ ተነፋ። ሲዶኒ ይህን ጥሪ ከአልጋዋ ሆና ሰምታው ታውቃለች። የማብቂያው ጥሪ አይደለም። ከርከሮ ተነሥቷል የሚለው ነው።

ጋስፓር ፍሬን ያዘ፤ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ። «ምንድን ነው እነዚህ ሰዎች? ምሳ አይበሉም?»

መልሱ ለሲዶኒ የመጣላት ያኔ ነው። «ዛሬ የኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ነው።»

«እና?»

«ሰዓት የሚመለስበት ሌሊት ነበር ትናንት።»

በየዓመቱ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት በሚያዘገይባት በዚህች ሌሊት እናቷ ከመተኛቷ በፊት ወንበር ላይ ወጥታ የወጥ ቤቱን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ ከዚያ የሳሎኑን፣ ከዚያ የአባቷን ራስጌ ሰዓት። ትናንት ሌሊት ግን እሷና ጋስፓር ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ የሚመለስ ሰዓትም አልነበራቸውም። የቦኔይ ደወል ደግሞ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሰኞ ዕለት ወጥቶ እስኪያስተካክለው ድረስ በአሮጌው ሰዓት ይመታል። እኩለ ቀን አይደለም። እኩለ ቀን ሊሆን ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል። አዳኞቹ ሁሉ በየቦታቸው ቆመዋል። እሷና ጋስፓርም መሃላቸው ገብተዋል።

ጋስፓር አፉን ከፈተ፤ ሳይናገር ተኩስ ተሰማ። አንድ፤ ደረቅ፤ ከኋላቸው፣ በቀኝ በኩል። ማሚቶው ኮረብታውን ዞሮ መጣ።

«እንመለስ» አለች።

«ተኩሱ የመጣው ከዚያ በኩል ነው።»

«ወደ ፊት እንሂድ ታዲያ።»

«ውሾቹስ?»

ውሾቹ እየቀረቡ ነበር። ጋስፓር ሁለቱን ብስክሌቶች መንገዱ ዳር ጣለና ክንዷን ጎትቶ ፈርኑ ውስጥ አስገባት። በትልቅ ባሉጥ ሥር ቁጢጥ አሉ። መሬቱ እርጥብ ነው።

«እንጩህ» አለች በሹክሹክታ። «ሰው እንዳለ ይወቁ።»

«አብደሻል? ይይዙናል። ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ አባትሽ፣ ከዚያ እናቴ። ዝም በይ፤ ያልፋሉ።»

ከርከሮዎቹ ድንገት መጡ። አንዲት እናት ከግልገሎቿ ጋር፣ እንደሚንከባለል ድንጋይ ፈርኑን እየሰነጠቁ፣ ከእነሱ በጥቂት እርምጃ ርቀት አለፉ። ሽታቸውና በፈርኑ መሃል የከፈቱት ክፍተት ቀረ። ጋስፓር ዓይኑን ጨፍኗል። ሲዶኒ ግን አልጨፈነችም፤ ለዚህ ነው ሰውየውን ያየችው።

መንገዱን ተሻግሮ ነጭ ግንድ ካለው ዛፍ ሥር ቆሟል። ብርቱካንማ ሰደርያ፣ ብርቱካንማ ኮፍያ፤ ሽማግሌ ነው። ፊቱ ወደ እሷ ዞሯል። ቀጥ ብሎ እሷን ነው የሚያየው። ሲዶኒ እፎይ አለች፤ አይቶናል፣ አለቀ። ቢጫ የዝናብ ካፖርት ለብሳለች፤ ከዚህ ርቀት ማንም አይስታትም። እንዳይቆጣ ብላ እጇን ቀስ አድርጋ አነሣች።

ሰውየው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አመጣ። አፈሙዙ ትንሽ ጥቁር ቀዳዳ ሆኖ ታያት። ለመጮህ አፏን ከፈተች።

ተኮሰ።

ከጭንቅላቷ በላይ የባሉጡ ቅርፊት ተፈነጠረ። ስንጣሪው ፀጉሯ ላይ ወረደ።

«ሰው ነን!» ጋስፓር ነው የጮኸው፤ ልጅ ሳለ በሚጮህበት ቀጭን ድምፅ። «አይተኩሱ! ሰው ነን!»

ከዚያ በኋላ ጫካው ጭጭ አለ፤ ወይም ሲዶኒ መስማት አቁማ ነበር። ሰውየው ጠመንጃውን ከመሃሉ አጥፎ ጥይቶቹን ሲያወጣ አየችው። አንዱ ጥይት ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሣው ጎንበስ ብሎ መሬቱን በእጁ ዳበሰ፤ አላገኘውም፤ ተወው። መንገዱን ሲሻገር እግሮቹ እንደ ሰካራም ነበሩ።

«ማነው? ማነው እዚያ?»

ከፈርኑ ወጥተው ፊቱ ቆሙ። ሲዶኒ የጋስፓርን እጅጌ ይዛለች።

«ተመታችሁ? የኔ ልጅ፣ ተመታሽ?»

«አልተመታንም አባባ» አለ ጋስፓር።

ሽማግሌው ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። ወደ እነሱ እያየ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሲዶኒ ከተኩሱ ይልቅ የፈራችውን ነገር ጠየቀ።

«ስንት ናችሁ?»

ሁለቱም ፊቱ ቆመዋል። ከክንዱ ርቀት ብዙም አይርቁም።

«ሁለት ነን» አለች። ከተኩሱ ወዲህ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሁለት። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁለት።» መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ከቦርሳው ፔርሙስ አውጥቶ ሾርባ ክዳኑ ላይ ቀዳ፤ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ክዳኑን ዘረጋላት። የዘረጋው ግን እሷ ወደሌለችበት፣ ወደ ባዶው ቦታ ነው። ሲዶኒ እጇን ወደዚያ ወስዳ ተቀበለችው። ጋስፓር ይህን አላየም፤ ብስክሌቶቹን እያነሣ ነበር።

«ከርከሮዋ አለፈች» አለ ሽማግሌው። «ሰማኋት። ከዚያ ፈርኑ ተንቀሳቀሰ።» ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ኦክታቭ እባላለሁ። የአደኑ መሪ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ዦስሊን። አሁን ትመጣለች፤ ተኩሱን ሰምታለች።»

«እናውቃለን፤ ጥፋተኛው እኛ ነን» አለ ጋስፓር ፈጥኖ። «ሰሌዳውን አልፈን ገባን። ደወሉ አሳስቶን ነው።»

«ደወሉ!» ሽማግሌው ሊስቅ ሞከረ። «እኛ ሰፈር ያለ ሰው ዛሬ ያንን ደወል አያምንም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጆቼ፣ ሰው ሳይለይ የተኮሰ ሰው ጠመንጃውን ይነጠቃል። ትክክል ነው። ሕጉን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን እኔ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የቀረችኝ እሑድ ብቻ ናት።»

ምንም አልለመነም። መለመን አልነበረበትም፤ ጋስፓር ገብቶታል።

«እርስዎ እኛን መንገዱ ላይ ነው ያገኙን» አለ። «ከተኩሱ በኋላ፤ ስናልፍ። የተኮሱት ከርከሮ ላይ ነው፣ ሳቱ። እኛ ሲተኩሱ አላየንም። እርስዎም ለቤታችን አይደውሉም። በቃ፣ ማንም ምንም አልሆነ።»

ሽማግሌው ፔርሙሱን በዳበሳ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ጥሩ ልጅ ነህ» አለ።

ጋስፓር ወደ ሲዶኒ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ድል አይደለም፤ ገና ፍርሃት ነው። «አይደል ሲዶኒ?»

ሲዶኒ ሾርባውን ጠጣች።

ዦስሊን የመጣችው በሩጫ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ የወጣባት ሴት፣ አንገቷ ላይ ጥሩምባው ተንጠልጥሏል። ልጆቹን ስታይ ቀጥ አለች።

«ከየት ነው የመጣችሁት እናንተ?»

«በመንገዱ ሲያልፉ አገኘኋቸው» አለ ኦክታቭ። «ከተኩሱ በኋላ ነው። ትልቋ ከርከሮ ላይ ነበር የተኮስኩት፤ ሳትኳት።»

«ሰሌዳ ማንበብ አልተማራችሁም?» ዦስሊን ጋስፓርን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ወይስ የከተማ ልጅ ሆነህ ከርከሮ ሲያድኑ ማየት አምሮህ ነው?»

«ደወሉ እኩለ ቀን ሲመታ ሰምተን፣ ምሳ ላይ ናችሁ ብለን ነው።»

ዦስሊን ሳቋ መጣ፤ ሳትፈልገው የመጣ ሳቅ። «አምና አንድ ሰርግ አበላሽቷል ያ ደወል። ሙሽራዋ ብቻዋን አንድ ሰዓት ቆማለች።» ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች። «በሉ፤ ለዛሬ የደነገጣችሁት ይበቃችኋል። ጥሪውን ልንፋና ወደ ጎጆው እንሂድ፤ ሞቅ ያለ ነገር ትበላላችሁ። ብስክሌቶቻችሁን መኪና ላይ ጭነን ቦዩ ዳር እናወርዳችኋለን። ቤታችሁ መደወል አያስፈልግም፤ ሰው አልተጎዳ።»

ጋስፓር ትንፋሹን ለቀቀ። ሲዶኒ ሰማችው።

አለቀ ማለት ነው። ነገ ክላምሲ ይገባሉ። አክስቷ ኦዲል በር ላይ ትጠብቃቸዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከዚህ የሚረዝም ጉዞ ቢለምኑ ማንም እምቢ አይልም።

ዦስሊን ጥሩምባውን ነፋች። ከየዛፉ ሥር ብርቱካንማ ሰደርያዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ሲዶኒ ያላየቻቸው፣ እዚያ የነበሩ ሰዎች። «ና አጎቴ» አለች ዦስሊን፤ ክንዷን ሰጠችው። ኦክታቭም ያዛት። ከሩቅ የሚያይ ሰው ፍቅር ነው ይላል፤ ፍቅርም ነበር። ግን የእሱ እግር የእሷ እግር የረገጠበትን እየጠበቀ ሲከተል፣ የዛፍ ሥር ስትሻገር ሲሻገር፣ ሲዶኒ አየች፤ ዓይኑ መንገዱን አያይለትም። ዦስሊን ወደ ፊት ነው የምታየው።

«በሚመጣው እሑድ ኩሬው ጋ ነው የማቆምህ» ትለዋለች። «እዚያ መቀመጫ አለ፤ እግርህ አይደክምም።»

«ኩሬው ጥሩ ነው» አለ ኦክታቭ።

ጋስፓር ብስክሌቱን እየገፋ ከሲዶኒ ጎን መጣ። «አታስቢው» አለ በሹክሹክታ። «ሽማግሌ ሰው ነው። ልታስለቅሺው ነው? ደግሞ ማነው ሰሌዳ አልፎ የገባው?»

«እኛ ነን።»

«እና?»

ጋስፓር ያለው ሁሉ ልክ ነው። ሽማግሌው ደግ ነው፤ የሰጣት ሾርባ ሙቀት አሁንም ሆዷ ውስጥ አለ። ስለ እሱ ስታስብ ግን ፊቱን አይደለም የምታየው። ቀጥ ብሎ ሲያያት፣ እሷም አየኝ ብላ እፎይ ስትል፣ እጇን ስታነሣለት፤ ያንን ነው የምታየው። ኩሬው ጋ የሚያልፍ ሰውም እጁን ያነሣል። በዚህ አገር ሰው ሰውን ሲያይ እጁን ያነሣል።

ቆመች። ብስክሌቷን ዛፍ ላይ አስደገፈች።

«ሲዶኒ» አለ ጋስፓር። ልመና ነበር።

«ማዳም» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ዦስሊን ግን ዞረች። ኦክታቭም ዞረ፤ ፊቱ ከሲዶኒ ትንሽ ወደ ግራ፣ ማንም ወደሌለበት። «ከመሄዳችን በፊት የማሳይዎት ነገር አለ።»

«ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

በቃል ለመናገር ብትሞክር እንደምታለቅስ ታውቃለች። ስለዚህ አልሞከረችም። ፈርኑን በሁለት እጇ ገልጣ፣ ጥይቱ ቅርፊቱን ወደላጠው ባሉጥ መመለስ ጀመረች። ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ ከኋላዋ የዦስሊን ከባድ ጫማ ቅጠሉን ሲረግጥ ሰማች።